ጊልበርት ዎከር

ሰር ጊልበርት ቶማስ ዎከር (እ.ኤ.አ. ጁን 14 ቀን 1868 – ኖቬምበር 4 ቀን 1958) እንግሊዛዊ የሒሳብና የሜትሮሎጂ ሊቅ ነበሩ። በሕንድና በፓስፊክ (ሰላማዊ) ውቅያኖሶች ላይ ያለው የአየር ግፊት እንደ ሚዛን ሁለት ጎን አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚወርድ በማሳየታቸው ይታወቃሉ። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያለው የስምጥ ሸለቆ ገበሬ የሚጠብቀው የክረምት ዝናብ ከሩቅ ባሕር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ለመረዳት ሥራቸው መነሻ ሆኗል።

የመጀመሪያ ሕይወት

ዎከር የተወለዱት በሰሜን እንግሊዝ በሮችዴል ከተማ ነው። በካምብሪጅ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሒሳብ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1889 በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ፈተና አንደኛ ወጡ። ቡሜራንግ የሚባለው የአውስትራሊያ ዱላ ተወርውሮ እንዴት እንደሚመለስ በሒሳብ ስላጠኑ፣ ጓደኞቻቸው በዚሁ ዱላ ስም ይጠሯቸው ነበር።

በሕንድ

እ.ኤ.አ. በ1899 በሕንድ የሞንሱን ዝናብ ቀርቶ ከባድ ረሃብ ተከተለ። ዎከር እ.ኤ.አ. በ1904 የአገሪቱ የሜትሮሎጂ አገልግሎት ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ ዋና ሥራቸው የዝናቡን ሁኔታ አስቀድሞ መተንበይ ሆነ። የአየር ጠባይ ትምህርት ስላልነበራቸው የተማመኑት በቁጥር ነው። ከብዙ አገሮች የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ አሰባስበው፣ የአንዱን ቦታ ከሌላው ጋር ያለውን ተዛምዶ ጸሐፊዎቻቸው በእጅ እንዲያሰሉ አደረጉ።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱ የዓባይ (ናይል) ሙላት ነበር። በግብፅ የሚለካው የክረምት ሙላት በአብዛኛው ከዓባይና ከተከዜ የሚመጣ በመሆኑ፣ የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ በዎከር ስሌት ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ውጤቱም በፓስፊክ ላይ የአየር ግፊት ከፍ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ደግሞ ዝቅ ሲል የሕንድ ዝናብም የዓባይ ሙላትም እንደሚጨምር አመለከተ። ይህንን መወዛወዝ ሳውዘርን ኦሲሌሽን (የደቡብ ውዝዋዜ) ብለው ሰየሙት።

እ.ኤ.አ. በ1924 የሰርነት ማዕረግ አግኝተው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ እስከ 1934ም በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የሜትሮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። ነገር ግን የግንኙነቱን ምክንያት ማስረዳት ስላልቻሉ ብዙዎች ሥራቸውን ተጠራጠሩ። የሞንሱን ትንበያቸውም የሚፈለገውን ያህል አስተማማኝ አልሆነም። ያረፉት በ90 ዓመታቸው ነው።

ከሞታቸው በኋላ

ምክንያቱን ያስረዱት ኖርዌያዊ-አሜሪካዊው ያኮብ ብየርክነስ ናቸው። በተለመደው ጊዜ ነፋስ የፓስፊክን ሞቃት ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋል፤ እርጥብ አየርም እዚያ ወደ ላይ ወጥቶ በስተምሥራቅ፣ በደቡብ አሜሪካ በኩል ይወርዳል። ብየርክነስ እ.ኤ.አ. በ1969 ይህንን ዝውውር የዎከር ዑደት ብለው ጠሩት። በኤል ኒኞ ጊዜ ነፋሱ ይደክማል፣ ሞቃቱ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ ዑደቱም ይዛባል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኤል ኒኞ ሲከሰት በሰሜንና በመካከለኛው ክፍል የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ይቀንሳል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ግን የመኸር ወራት ዝናብ ሊበዛ ይችላል። በአዳማ አቅራቢያ የሚያልፈው አዋሽ ወደ ዓባይ ሳይገባ አቤ ሐይቅ ላይ ቢያበቃም፣ የሚሞላው በዚያው ክረምት ነው። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ብርቱ ኤል ኒኞ በነበረበት ወቅት የስምጥ ሸለቆ ቆላማ ወረዳዎችም በድርቁ ተጎዱ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ አስፈለገው።

ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ባለሙያዎች ከክረምት በፊት የፓስፊክን ሙቀት አይተው፣ ተመሳሳይ ከነበሩት ያለፉ ዓመታት ጋር በማነጻጸር ትንበያ ያወጣሉ። ኤል ኒኞ ሁሉ ድርቅ አያመጣም፤ ትንበያውም ዕድልን እንጂ እርግጠኛነትን አይናገርም። ሆኖም ገበሬው ቶሎ የሚደርስ ዘር እንዲመርጥ፣ አርብቶ አደሩም መኖ እንዲያከማች ጊዜ ይሰጣል።