የአልፍሬድ ሂችኮክ አጭር የሕይወት ታሪክ

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል የሚያስፈራ ፊልም ማየት የሚወድ ብዙ ነው፤ ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ይዤ የታላቁን የፊልም ዳይሬክተር የአልፍሬድ ሂችኮክን ታሪክ ስመረምር ያገኘሁትን ለአንባብያን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሂችኮክ በ1899 በለንደን አጠገብ ሌይተንስቶን በምትባል ስፍራ ተወለደ። አባቱ የአትክልትና የፍራፍሬ ነጋዴ ነበረ። ገና ሕፃን ሳለ ስላጠፋ አባቱ ወረቀት አስይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ እንደ ላከውና ለጥቂት ደቂቃዎች እንደ ታሰረ፣ ከዚያም ወዲህ ፖሊስ እንደሚፈራ ራሱ ደጋግሞ ይናገር ነበረ። አባቱ በ1914 ሲሞት የ15 ዓመት ልጅ ነበረ። የቴሌግራፍ ሽቦ በሚሠራ ድርጅት ተቀጥሮ ማስታወቂያ ይሥል ጀመር። ቀጥሎም ድምፅ በሌላቸው ፊልሞች ላይ የሚነበበውን ጽሑፍ እያስጌጠ ወደ ሲኒማ ሥራ ገባ። በ1924 ወደ ጀርመን ተልኮ ስመ ጥሩውን ዳይሬክተር ሙርናውን በሥራው ላይ ተመለከተ፤ ያለ ቃል፣ በሥዕል ብቻ ታሪክ መናገርንም ከእርሱ ተማረ።

ትምህርቱ በ1927 በወጣው «ዘ ሎጀር» በተባለው ፊልም ታየ። በፎቅ የተከራየው ተጠርጣሪ ሰው ሲንጎራደድ ታች ያሉት ሰዎች ኮቴውን ይሰማሉ። ፊልሙ ግን ድምፅ የለውም። ስለዚህ ሂችኮክ ወለሉን በወፍራም መስታወት አሠርቶ የሚመላለሱትን እግሮች ከሥር አነሣቸው።

የዘዴው ሥር እንዲህ ነው። ሁለት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ሲጨዋወቱ ቦምብ በድንገት ቢፈነዳ ተመልካቹ ለአፍታ ይደነግጣል። ቦምቡ ከጠረጴዛው ሥር መቀመጡንና የሚፈነዳበትን ሰዓት አስቀድሞ ቢያውቅ ግን፣ ሰዎቹ ተራ ወሬ ባወሩ ቁጥር እርሱ ይጨነቃል፤ ተነሡ ብሎ ሊጮህባቸው ይቃጣዋል።

በ1939 ወደ አሜሪካ ሄደ። ከ20 ዓመት በኋላ «ሳይኮ»ን ሊሠራ ሲነሣ የፊልም ኩባንያው ታሪኩን ስላልወደደው ገንዘብ ለመስጠት እንቢ አለ። ሂችኮክም ደመወዙን ለትርፍ ድርሻ ለውጦ፣ በራሱ ድርጅት ገንዘብ፣ በጥቁርና ነጭ ሠራው። ፊልሙ በ1960 ወጣ። አንዲት ሴት ገላዋን ስትታጠብ የምትገደልበት ክፍል አንድ ደቂቃ የማይሞላ ሲሆን 7 ቀን ፈጅቷል፤ ካሜራውም ከ70 ጊዜ በላይ ቦታ ለውጧል። ቢላዋው ሥጋ ሲቆርጥ በግልጽ አይታይም፤ ደም መስሎ የሚፈሰውም የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። የቀረውን ተመልካቹ በሐሳቡ ይጨምረዋል። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር እንደሚባለው፣ አደጋውን ሰው ከማይሠጋበት ስፍራ ማስቀመጡም ሌላ ብልሃቱ ነበረ።

ሂችኮክ ይህ ክፍል ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ፈልጎ ነበረ። ሙዚቃ ደራሲው በርናርድ ሄርማን ግን በቫዮሊንና በመሰል ባለ አውታር መሣሪያዎች ብቻ የሚጮህ ዜማ ደርሶ ባሰማው ጊዜ ሐሳቡን ለወጠ። ዛሬ ያንን ክፍል ያለዚያ ዜማ የሚያስታውሰው የለም።

ለዳይሬክተርነት የኦስካር ሽልማት 5 ጊዜ ታጭቶ አንድ ጊዜም ሳያገኝ በ1980 በሎስ አንጀለስ ሞተ። እኔ ከሁሉ ያደነቅሁት ግን ፍርሃቱን ሳይደብቅ መርምሮ መተዳደሪያው ማድረጉንና በዝናው ጫፍ ሳለም የባልደረባውን ምክር መስማቱን ነው። ይህም ፊልም ለማንሠራ ለእኛ ለተማሪዎች ጭምር የሚጠቅም ትምህርት ይመስለኛል።