ኦቶ ቫርቡርግ፤ የሕዋስን ትንፋሽ የለካ ሊቅ

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ኦክሲጂን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሲሶ ያህል ይጎድላል። የደጋው ሰው ግን ያርሳል፣ ዳገት ይወጣል፣ ልጅ ያሳድጋል። ሰውነት በጥቂት አየር እንዴት እንደሚኖር ስናስብ፣ የሕዋስን ትንፋሽ ሲለካ ዕድሜውን የጨረሰ አንድ ሊቅ ትዝ አለን።

ኦቶ ቫርቡርግ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ ተወለደ። አባቱ የታወቀ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። ልጁም በ1906 በኬሚስትሪ፣ በ1911 በሕክምና የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረሰኛ መኮንን ሆኖ ዘምቶ ቆሰለ። በ1918 አልበርት አይንስታይን ወደ ምርምሩ እንዲመለስ በደብዳቤ መከረው፤ እርሱም ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ከሰውነት የተቆረጠ ስስ ሥጋ በመስተዋት ዕቃ እያስገባ፣ የሚወስደውን ኦክሲጂን በግፊት መለኪያ ይለካ ጀመር። የነቀርሳ ሕዋስ አየር ሳያጣ፣ አየር እንዳጣ ሆኖ ስኳርን በብዛት እያፈረሰ ወተትን የሚያኮመጥጠውን ላክቲክ አሲድ እንደሚያወጣ አገኘ። በ1931 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። አባቱ ከአይሁድ ወገን ስለ ነበር በ1941 ናዚዎች ከሥራው ቢያስወግዱትም፣ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። በ1970 በበርሊን ሞተ።

የነቀርሳ ሁሉ ሥሩ የትንፋሽ መበላሸት ነው በሚለው አሳቡ እስከ መጨረሻው ጸንቷል። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የነቀርሳ ሕዋሳት መተንፈስ እንደሚችሉ ታውቋል። የወንዶች የፕሮስቴት ዕጢማ ነገሩን ይገለብጠዋል፤ ጤነኛው ሕዋስ ሲትሬት የተባለውን ንጥረ ነገር ሳያቃጥል ሲያከማች፣ ነቀርሳ የጀመረው ሕዋስ ግን ያቃጥለዋል።

ነቀርሳው እየገፋ ሲሄድ ከደም ሥር የራቁት ሕዋሳት አየር ያጥራቸዋል። ኦክሲጂን ሲበቃ ቶሎ ይፈርስ የነበረው ሂፍ የተባለ ፕሮቲን ያን ጊዜ ይከማቻል፤ አዲስ የደም ሥር እንዲበቅልና ስኳር በብዛት እንዲፈርስ ያዛል። አየር ያጠረው ሕዋስ የጨረር ሕክምናንም ይቋቋማል። ሕዋስ የኦክሲጂንን መጠን እንዴት እንደሚያውቅ ያስረዱ ሦስት ሊቃውንት በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ምልክት ጤነኛውን ሰውነት የሚያገለግል ነው፤ ነቀርሳ ለራሱ ጥቅም አዋለው እንጂ።

የቫርቡርግ ልኬት ዛሬም ሲጠቀስ፣ ትርጓሜው ግን ታርሟል። እኛ ተማሪዎችም ያገኘነውን በጥንቃቄ እንለካ፤ ለትርጓሜያችን ግን እርማት እንቀበል።