የራሴላስ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን

ስለ አገራችን ልብ ወለድ ታሪክ ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች መካከል በጣም የታወቀው እንግሊዛዊው ደራሲ ዶክተር ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ይሁን እንጂ ራሴላስ የተባለውን የሐበሻ ልዑል ታሪክ የጻፈው እናቱ በሞት አልጋ ላይ በነበረችበት ሰሞን ስለ ሆነ፥ የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ጆንሰን በሴፕቴምበር 18 ቀን 1709 ሊችፊልድ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር። ልጁ ገና በሕፃንነቱ በአንገት እጢ ሕመም ተይዞ ፊቱ ጠባሳ አወጣ፤ አንድ ዓይኑም ፈዘዘ። በዚያ ዘመን የነገሥታት እጅ ይህን ደዌ ይፈውሳል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር፥ እናቱ ሳራ በ1712 ንግሥት አን እንድትዳስሰው እስከ ሎንዶን ድረስ ወሰደችው። ሕመሙ ግን በዚህ አልዳነም።

በ1728 ኦክስፎርድ ገባ፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላጣ ከ13 ወር በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። የመጀመሪያ መጽሐፉ ሎቦ የተባለው የፖርቱጋል ቄስ ስለ ኢትዮጵያ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ የተረጐመው ነው። ይህም በ1735 ታተመ፤ ለድካሙ የተከፈለው 5 ጊኒ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በዕድሜ 20 ዓመት የምትበልጠውን ኤልሳቤጥን አገባ፤ በ1737ም ኑሮውን ለማሸነፍ ወደ ሎንዶን ሄደ።

በ1746 ትልቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ጀመረ። ከጥቂት ረዳቶች ጋር በቤቱ ሰገነት ላይ ሲሠራ፥ ሚስቱ ከታች ክፍል ታማ ትተኛ ነበር። ለቤቱ ወጪ እንዲሆነውም ራምብለር የተባለ ጽሑፍ ከ1750 ጀምሮ በየሳምንቱ ሁለት ጊዜ ያወጣ ነበር፤ ጠቅላላው 208 ሲሆን ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም የጻፈው እሱ ራሱ ነው። ሚስቱ ይህን ጽሑፍ አንብባ ይህን ያህል ይጽፋል ብላ እንዳልገመተች ነገረችው። የመጨረሻው ጽሑፍ በማርች 14 ቀን 1752 ወጣ፤ ኤልሳቤጥም ከሦስት ቀን በኋላ አረፈች። ጆንሰን እጅግ አዘነ፤ ሥራውን ግን አልተወም። መዝገበ ቃላቱ በ1755 ሲታተም ከ42 ሺህ በላይ ቃላት ነበሩበት። ደስ ሊያሰኛት የሚፈልጋት ሚስቱ ግን ይህን ለማየት አልበቃችም።

ዝና ቢያገኝም ድህነቱ አልለቀቀውም፤ በ1756 እንኳ ስለ ዕዳ ተይዞ ነበር። በጃንዋሪ 1759 ዕድሜዋ 90 ሊሞላ የተቃረበው እናቱ በጽኑ መታመሟን ሰማ። ወደ ሃያ ዓመት ያህል አላያትም ነበር። ያለውን ጥቂት ገንዘብ ላከላት፤ ደብዳቤም ደጋግሞ ጻፈላት። ከዚያም ማታ ማታ እየተቀመጠ በአንድ ሳምንት ራሴላስን ጻፈ፤ የተጻፈውም ገና ሳይደርቅ በየክፍሉ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄድ ነበር። ሊጠይቃት አስቦ ሳለ እናቱ ሞተች፤ በጃንዋሪ 23 ቀን ተቀበረች። እሱ በቀብሯ ላይ አልተገኘም። ከመጽሐፉ ያገኘው 100 ፓውንድ ለቀብሩ ወጪና ለጥቃቅን ዕዳዋ መክፈያ ሆነ።

ታሪኩ ልዑሉ በአማራ አገር በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ መኖሩን ይናገራል። ይህም የነገሥታት ልጆች ይጠበቁበት የነበረውን በወሎ የሚገኘውን አምባ ግሸንን ያስታውሰናል። ራሴላስ ከእኅቱ ጋር ከሸለቆው አምልጦ ደስታ ያለበትን ኑሮ ሲፈልግ፥ ሐዘንን በትዕግሥት ማሸነፍን የሚያስተምር አንድ ጠቢብ ያገኛል። ነገር ግን የጠቢቡ አንዲት ልጅ በንዳድ ስትሞትበት ትምህርቱ ለራሱ እንኳ ሊያጽናናው አልቻለም። ይህን የጻፈው ሰው ያን ሳምንት በራሱ ቤት ምን እንደ ደረሰበት ስናስብ፥ ነገሩ በእውነት ከልቡ የወጣ መሆኑን እንረዳለን። መጽሐፉን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

ጆንሰን በዲሴምበር 13 ቀን 1784 አረፈ፤ የተቀበረውም በዌስትሚንስተር ነው።

በዚህ በቦሌ አራብሳ ከትምህርት ቤት ተመልሶ የታመመ ወላጁን የሚያስታምም፥ ቤቱ ጸጥ ሲል ደግሞ ደብተሩን የሚከፍት ተማሪ አይጠፋም። ጆንሰን ለእንዲህ ያለው ተማሪ ብርታት ይሆነዋል፤ ጸጥታና ምቾት እስኪገኝ ድረስ ብዕሩን አላስቀመጠምና። ይሁን እንጂ የሕይወቱ ሌላው ገጽ ሊረሳ አይገባም። ብዕሩ ለእናቱ ቀብር ገንዘብ አስገኘለት፤ ፊቷን ግን ዳግመኛ አላሳየውም። ደብተር ወደ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ፤ ያለፈች ሰዓት ግን ወደ ደብተር አትመለስም። ስለዚህ መጻፍ የምንወድ ሁሉ በርትተን እንጻፍ፤ የምንጽፈውም በተቻለ መጠን ከምናስታምማቸው ወገኖቻችን አጠገብ ተቀምጠን ይሁን።