ጥያቄ መስሎ የሚገባ ወሬ፦ የሊ አትዋተር ታሪክ

እስቲ ስልካችሁ ጠራ እንበል። ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ደዋዩ በትህትና ሰላምታ ይሰጥና የሕዝብ አስተያየት እየሰበሰብን ነው ይላችኋል። ከዚያ ይጠይቃል፦ እገሌ የሚባለው ተወዳዳሪ የሕዝብ ገንዘብ መብላቱን ብታውቁ ትመርጡታላችሁ ወይ?

ልብ በሉ፤ ሰውየው በላ አላለም። ጠየቀ እንጂ። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጆሯችሁ ውስጥ የሚቀረው ጥያቄው ሳይሆን ወሬው ነው።

አሜሪካኖች ይህን ዘዴ ፑሽ ፖል ይሉታል። ዛሬ የምናወጋችሁ በዚህና በመሰል ስልቶች ስሙ ስለሚነሳው ሊ አትዋተር ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊ በ1951 አትላንታ ተወለደ፤ ያደገው ግን ሳውዝ ካሮላይና ነው። አምስት ዓመቱ ላይ እያለ የሦስት ዓመት ታናሽ ወንድሙ ጆ የፈላ ዘይት ተደፍቶበት ሞተ። ያን ቀን የሰማው ጩኸት ዕድሜውን ሙሉ ከጆሮው እንዳልወጣ ሊ ይናገር ነበር።

ከፖለቲካው በፊት ሙዚቃ ነበር። ጊታር ነፍሱ ነው። በወጣትነቱ ዝነኛውን ጥቁር ዘፋኝ ፐርሲ ስሌጅን በጊታር አጅቧል። የሚገርመው ይህ ነው፤ የጥቁሮችን ሙዚቃ እንዲህ የሚወድ ሰው በኋላ የነጮችን የዘር ፍርሃት የምርጫ መሣሪያ አደረገው።

ኮሌጅ እያለ በዘር መለያየት ደጋፊነቱ ከሚታወቀው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ዘንድ ለልምምድ ገባ። ፖለቲካን እዚያ ተማረ።

አሁን ወደ 1980 እንሂድ። ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ለኮንግረስ ወንበር ሪፐብሊካኑ ፍሎይድ ስፔንስና ዴሞክራቱ ቶም ተርኒፕሲድ ይፎካከራሉ። ሊ ያኔ 29 ዓመቱ ነው፤ የሚሠራው ለስፔንስ ነበር። ተርኒፕሲድ ደግሞ በ1968 ለዘር መለያየት አቀንቃኙ ጆርጅ ዋላስ ቅስቀሳ የሠራ፣ በኋላ ግን ተጸጽቶ ለጥቁሮች መብት የቆመ ሰው ነው።

ነጮች በሚኖሩባቸው የከተማ ዳርቻ ሰፈሮች ስልክ መደወል ጀመረ። ደዋዮቹ ገለልተኛ ጥናት አድራጊ ነን ባዮች ናቸው። በጥያቄ አስመስለው የሚያደርሱት ወሬ ተርኒፕሲድ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ማኅበር አባል ነው የሚል ነበር። አባልነት ወንጀል አይደለም። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰፈር ግን ብዙ ነጭ መራጮችን ለማስደንገጥ ይበቃል። ትልቁ ውሸት የተወራው ነገር አልነበረም፤ ይህ ጥናት ነው መባሉ ነው።

ነገሩ በዚህም አላበቃም። ተርኒፕሲድ በልጅነቱ በድብርት ታሞ የኤሌክትሪክ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሊ ይህን ለጋዜጠኞች እያነሳ ሰውየው በመኪና ባትሪ ገመድ የተያያዘ ይመስል አላገጠበት። ስፔንስ አሸነፈ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ከባድ ጥያቄ ሁሉ ፑሽ ፖል አይደለም። ተወዳዳሪዎች የትኛው ነጥብ መራጩን እንደሚነካ ለማወቅ ጥቂት መቶ ሰዎችን ይጠይቃሉ፤ መልሱንም ቆጥረው ይተነትናሉ። ትክክለኛ አገር አቀፍ ጥናት ብዙ ጊዜ አንድ ሺህ ገደማ ሰው ይበቃዋል፤ ዕድሜና ትምህርትም ይጠይቃል። ፑሽ ፖል ግን ለብዙ ሺህ ቤት ይደውላል፣ አንድ ሁለት ጥያቄ ይወረውራል፣ በቃ ይዘጋል። መልሳችሁን የሚፈልገው የለም። የአሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት ባለሙያዎች ማኅበርም ድርጊቱን ያወግዘዋል።

ሊ ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ተተኮሰ። በ1988 የጆርጅ ቡሽ (የአባትየው) የምርጫ ዘመቻ ኃላፊ ሆነ። በዚያ ክረምት ተፎካካሪው ማይክል ዱካኪስ በአንድ የሕዝብ አስተያየት ጥናት በ17 ነጥብ ይመራ ነበር። ሊ ግን ከእስር ቤት በፈቃድ ወጥቶ ወንጀል የፈጸመውን ጥቁር እስረኛ የዊሊ ሆርተንን ጉዳይ አንስቶ ዱካኪስ ላይ ለጠፈበት። ቡሽ 40 ግዛቶችን አሸነፈ። ሊም በ1989 የሪፐብሊካን ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆነ።

በማርች 1990 ንግግር እያደረገ ሳለ ወደቀ። የአንጎል ዕጢ ነበር። ፊቱ በመድኃኒት አበጠ፣ ጉልበቱም ከዳው። ያኔ ለተርኒፕሲድ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፈ። ዱካኪስንም በአደባባይ ይቅርታ ጠየቀ። ከልቡ ነው የሚሉ አሉ፤ የማያምኑትም አሉ። ማርች 29 ቀን 1991 በ40 ዓመቱ አረፈ።

ዘዴው ግን አብሮት አልተቀበረም። በ2000 እዚያው ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ፣ ጆን ማኬይን ከጋብቻ ውጪ ጥቁር ልጅ እንደወለደ የሚያስወራ ስልክና በራሪ ወረቀት መሰራጨቱ ተዘገበ። እውነቱ? ማኬይንና ባለቤቱ ከባንግላዴሽ በጉዲፈቻ ያመጧት ልጅ ነበረቻቸው። ማኬይን በግዛቱ ተሸነፈ።

እና ምን እናድርግ? አሜሪካ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ እንዲህ ያለ ስልክ ከመጣ ማን እንደሆኑና ማን እንደሚከፍላቸው ጠይቁ። መልስ ከሌለ ዝጉት። እዚህ ያለንም ቴሌግራም ላይ ፖል ስናይ ከመጫናችን በፊት ጥያቄውን እንደ ዜና እናንብበው፦ ምን እየነገረኝ ነው? ማስረጃውስ የታለ?

ሊ ለተርኒፕሲድ ደብዳቤውን የጻፈው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። ደብዳቤው ለአንድ ሰው ደረሰ። ስልኩ ግን የተደወለው ለብዙ ቤት ነበር።