የወጌሻው ልጅ ሐኪም፥ ሂዩ ኦወን ቶማስ

በሰቆጣና በዋግ ደጋ ከገደል የወደቀ ወይም በቅሎ የጣለችው ሰው ሲገኝ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። ወጌሻው በጣቱ ዳስሶ የአጥንቱን መዛነፍ ያውቃል፤ በቅቤ አሽቶ፥ ወደ ቦታው መልሶ፥ በቀርከሃ ስንጣሪ ያስረዋል። እጅና እግር ሲሆን ብዙ ጊዜ ይሳካለታል፤ ከመጠን በላይ የጠበቀ እስር ግን ደም ከልክሎ እግር እስከ ማስቈረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ደጋግመው ጽፈዋል። አንገትና አከርካሪ ሲሆን ነገሩ የባሰ ነው። ስንጣሪው አይዘውም፤ ቢያሹትም ሰውየውን ለዘለዓለም ሽባ ሊያደርጉት ይችላሉ። እኛ ደግሞ ከትምህርት ወንበራችን ላይ ሆነን ወጌሻውን መሃይም ብለን ማለፍ ይቀለናል። ስለዚህ ነው ከወጌሻ ዘር ተወልዶ የአንገትና የጀርባ መደገፊያን የሠራ የአንድ ሐኪም ሕይወት ለጓደኞቻችን ለመተረክ የወደድነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሂዩ ኦወን ቶማስ በ1834 ዓ.ም. በዌልስ አገር፥ በአንግልሲ ደሴት ተወለደ። ቅድመ አያቱ በ1740ዎቹ ዓመታት መርከብ ተሰብሮ በደሴቲቱ ዳርቻ የተገኘ፥ ቋንቋው የማይታወቅ ሕፃን እንደ ነበረ ይነገራል። ይህ ሕፃን አድጎ የከብት አጥንት መጠገን ጀመረ፤ ቀጥሎም የሰው። ሞያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሮ የሂዩ አባት ኢቫን ዘንድ ደረሰ። ኢቫን በሊቨርፑል ከተማ ተቀምጦ የወደብ ሠራተኞችን ስብራት ሲጠግን፥ ባለ ዲፕሎማ ሐኪሞች በፍርድ ቤት ደጋግመው ከሰሱት። መከራው ስለ መረረው አምስቱንም ወንዶች ልጆቹን ሕክምና አስተማረ።

ሂዩ በኤዲንብራና በለንደን ተምሮ በ1857 ዓ.ም. ፈቃዱን አገኘ። ከአባቱ ጋር አብሮ ለመሥራት ሞከረ፤ ሳይስማሙ ቀርተው ብዙ ሳይቆዩ ተለያዩ። (የተማረ ልጅና ያልተማረ አባት በአንድ ቤት ሲሠሩ ምን እንደሚሆን ለእኛ መንገር አያሻም።) ከዚያ በኋላ ለብቻው ሥራ ጀመረ፤ በኔልሰን መንገድ ባለው ቤቱም ብረት ሠሪና ቆዳ ሠሪ አስቀመጠ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። በእኛ አገር ብረት የሚሠራው ቀጥቃጭ፥ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ እየተባለ ይናቃል፤ ቡዳ ነው እየተባለም ይሸሻል። የቶማስ ሕክምና ግን ያለ እነዚህ ሁለት እጆች ከንቱ ነበረ። በዘመኑ የታመመን መገጣጠሚያ ቈርጦ መጣል ተራ ነገር ሲሆን፥ እርሱ ያዘዘው ዕረፍት ነው፤ ያልተቋረጠና ረጅም ዕረፍት። ድሀ ደግሞ ወራት ሙሉ አልጋ ላይ መተኛት አይችልም። ስለዚህ ዕረፍቱን ከሰውየው ጋር አብሮ የሚሄድ አደረገው። ለዳሌ በሽተኛ ከትከሻ አጥንት በታች ጀምሮ በጀርባ በኩል እስከ ባት የሚወርድ ሰፊ ለስላሳ ብረት አሠራ፤ በመጠምዘዣም እያጠፈ የእያንዳንዱን ሰው ጀርባ እንዲከተል አደረገው። አንገቱ በነቀርሳ ለተበላው በሽተኛ ደግሞ ከስስ ብረት ወይም ከጠንካራ ቆዳ የተሠራ፥ ውስጡ በለስላሳ ነገር የተለበጠ የአንገት መደገፊያ ሰጠው። መደገፊያው ከታች በደረትና በትከሻ ላይ ያርፋል፤ ከላይ አገጭንና ማጅራትን ይይዛል፤ እንዲህ ሆኖ የራስን ክብደት ከታመመው አጥንት ላይ ያነሣል። ልጅ ሲያድግ ወይም በሽተኛው ሲከሳ ብረቱ እንደገና ይታጠፋል።

በደሴና በባሕር ዳር የአካል ድጋፍ መሥሪያዎች ተቋቁመዋል። ነገር ግን ከዋግ ቆላና ደጋ ተነሥቶ እዚያ የደረሰ ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ መደገፊያው ሲጠብበው ያን ሁሉ መንገድ ይመለስ ይሆን? ወይስ አውልቆ ይጥለዋል? ለማጠፍና ለመስፋት የሚበቃው ባለ እጅ በዚያው በአገሩ አለ፤ የጠራው ሐኪም ግን የለም።

ቶማስ ቁመቱ አጭር፥ ሰውነቱ ቀጭን ነበረ፤ በተጐዳው ዓይኑ ላይ ቆቡን ዘንበል አድርጎ፥ ሲጋራ ከአፉ ሳይለይ ከማለዳ እስከ ሌሊት ይሠራ ነበር። እሑድ እሑድ ድሆችን በነጻ ያክም ነበር። ነገር ግን ግትርና ተከራካሪ ሰው ስለ ሆነ መጻሕፍቱን ብዙዎች ሳያነቡ ተዉአቸው፤ በትልቅ ሆስፒታልም ሹመት አላገኘም። ዕረፍት ሁሉን ይፈውሳል ብሎ ማመኑም ከልክ ያለፈ ነበር። የነቀርሳን ተሐዋሲ ኮኽ ያገኘው በ1882 ዓ.ም. ነው፤ መድኃኒቱም የመጣው በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። ዛሬ የአከርካሪን ነቀርሳ የሚያድነው መድኃኒቱ ሲሆን መደገፊያው ረዳት ብቻ ነው።

በጥር ወር 1891 ዓ.ም. በሳንባ ምች በ56 ዓመቱ ሞተ። ልጅ አልነበረውም። በቤቱ ተቀምጦ ሞያውን የተማረው ዘመዱ ሮበርት ጆንስ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቶማስን የእግር ብረት ለሠራዊቱ አዳረሰ፤ ጭናቸው ተሰብሮ ከቈሰሉት ወታደሮች ከመቶ 80 ያህሉ ይሞቱ የነበረው ወደ 20 እንደ ወረደ በሕክምና ታሪክ ይተረካል። በቀብሩ ቀን መንገዱን የሞሉት ግን ጄኔራሎች አልነበሩም፤ የሊቨርፑል የወደብ ሠራተኞችና ሚስቶቻቸው ነበሩ።