ቻርሊ ፓርከር፦ ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ

ቻርሊ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ተወለደ። ጃዝን ከለወጡት የሳክስፎን ተጫዋቾች አንዱ ነው። እኔን እንደ ሐኪም የሚያሳስበኝ ግን የሱሱ ታሪክ ነው።

በ1936፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ የመኪና አደጋ ደርሶበት የጎድንና የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ። ለሕመሙ ሞርፊን ተሰጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ሄሮይን መውሰድ ጀመረ። ሁለቱም ኦፒዮይድ ከሚባሉት ናቸው። በዚያ ዕድሜ አንጎል እድገቱን አልጨረሰም፤ በአፍላ ዕድሜ የተጀመረ ሱስ ለሕክምናም ያስቸግራል።

በ1946 ሎስ አንጀለስ ሳለ ሄሮይን የሚያቀርብለት ሰው ታሰረ። ፓርከር ሄሮይኑን ሲያጣ አልዳነም፤ በምትኩ አልኮል አበዛ፣ አእምሮውም ታወከ። በመጨረሻ ካማሪሎ የአእምሮ ሆስፒታል ገብቶ ስድስት ወር ያህል ቆየ። በ1947 መጀመሪያ ሲወጣ ሰውነቱ አገግሟል፣ ሄሮይንም ትቷል። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» የሚለው እንዲህ ባለ ቀን ነው።

እኛ ሐኪሞች ደግሞ ይበልጥ የምንሰጋው ከዚያ ቀን በኋላ ላሉት ሳምንታት ነው። ሰውነት መድኃኒቱን መልመዱን ስለሚተው፣ ቀድሞ ይወስደው የነበረው መጠን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። ስለዚህ ታማሚው ከመውጣቱ በፊት የክትትል ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ እንደ ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ያለ መድኃኒት ይቀጥል እንደሆነ፣ ናሎክሶን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። መድኃኒቱን ለዓመታት መውሰድ «ሱስን በሱስ መተካት» አይደለም፤ ይህን አባባል ከቤተሰቦች ደጋግሜ እሰማለሁ፣ ብዙዎችንም ከሕክምና ያስቀረ ነው።

ለፓርከር ይህ አልነበረም። ሜታዶን ለሄሮይን ሱስ የረጅም ጊዜ ሕክምና ሆኖ መሰጠት የጀመረው እሱ ከሞተ አሥር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፤ ያውም እሱ ከካማሪሎ ወጥቶ በተመለሰባት በኒውዮርክ። እዚያ የጠበቀው የምሽት ክለብ ሥራ፣ መጠጥና ሄሮይን የሚወስዱ የሙያ ባልደረቦች ነበሩ። ሱሱ አገረሸ። በ1951 በከተማዋ ክለቦች ለመጫወት የሚያስፈልገውን ፈቃድ ተነጠቀ፤ እንጀራውን ማለት ነው። በ1954 ትንሽ ልጁ ሞተችበት፣ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ለአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ተኛ።

መጋቢት 12 ቀን 1955 እ.ኤ.አ. በሳንባ ምች፣ በሚደማ የጨጓራ ቁስለትና በተጎዳ ጉበት ሳቢያ አረፈ። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከ50 እስከ 60 ገመተው። 34 ዓመቱ ነበር።