ሂዴኪ ዩካዋ፤ ያላየውን ቅንጣት የመዘነው ሰው

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ አቶም ስንጽፍ የሳይንስ ፋኩልቲ ጓደኞቻችን ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ። የዚህ ጃፓናዊ ታሪክ ግን ለእነርሱ ብቻ የሚተው አይደለም። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሂዴኪ በ1907 በቶኪዮ ተወልዶ በኪዮቶ አደገ። አባቱ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ነበር። ገና ሕፃን ሳለ አያቱ ጥንታዊውን የቻይና መጻሕፍት ያስነብቡት ነበር፤ እርሱም ትርጓሜውን ሳያውቅ ድምፁን እየተከተለ ያነብ ነበር። ከመካከላችን በየኔታ ፊት ዳዊት የደገመ ሁሉ ይህን ትምህርት ሳይነግሩት ያውቀዋል። ዩካዋ የተባለው በ1932 ሲያገባ የሚስቱን ቤተ ሰብ ስም ወስዶ ነው።

በ1929 ከኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በ1933 ወደ ኦሳካ ተዛወረ። በዚያን ጊዜ ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ጥያቄ ይህ ነበር። የአቶም እምብርት በፕሮቶንና በኒውትሮን የተሠራ ነው። ፕሮቶኖች አንድ ዓይነት የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው ይገፋፋሉ፤ ኒውትሮን ጭራሽ ሙል የለውም። ታዲያ እምብርቱ ለምን አይበተንም? የስበት ኃይል ነው እንዳይባል እጅግ ደካማ ነው። አንዳንዶች ቀድሞ በታወቁት ቀላል ቅንጣቶች መለዋወጥ ሊያስረዱት ሞከሩ፤ ሲሰላ ግን ኃይሉ አነሰ።

ዩካዋ በ1934 መኸር እንቅልፍ አጥቶ በሚያድርባቸው ሌሊቶች ከታወቁት ቅንጣቶች መካከል መፈለጉን ተወ። ሁለቱ የሚሳሳቡት ገና ያልታየ ሦስተኛ ቅንጣት እየተቀባበሉ ነው ብሎ አሰበ። ያን ቅንጣት ለማውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት እንደ ብድር ነው፤ ብድሩ በከበደ መጠን የመክፈያው ጊዜ ያጥራል፤ ስለዚህ ከባድ ቅንጣት ሩቅ ሳይሄድ ይመለሳል። የኤሌክትሪክ ኃይል ተሸካሚ የሆነው ፎቶን የዕረፍት ክብደት ስለሌለው ኃይሉ ሩቅ ይደርሳል። የእምብርቱ ኃይል ግን ከሴንቲ ሜትር አሥር ትሪሊዮንኛ ጥቂት እጥፍ አያልፍም። ከዚህች ርቀት ተነሥቶ ዩካዋ የቅንጣቱን ክብደት የኤሌክትሮን 200 እጥፍ ያህል ነው አለ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር።

ጽሑፉ በ1935 ታተመ፤ አውሮፓ ሁለት ዓመት ያህል ዝም አለች። በ1937 ከሰማይ በሚወርደው ጨረር ውስጥ ተመሳሳይ ክብደት ያለው ቅንጣት ሲገኝ ግን የዩካዋ ስም በአንድ ጊዜ ገነነ። ችግሩ ይህ ቅንጣት የእርሱ አለመሆኑ ነው! በአቶም እምብርቶች መካከል ከቁም ነገር ሳይቈጥራቸው ያልፋል፤ እነርሱን የሚያስተሳስር ኃይል ተሸካሚ እንዲህ ሊሆን አይችልም። የዩካዋ ባልደረባ ሳካታ ከጓደኞቹ ጋር በ1942 ቅንጣቶቹ ሁለት መሆን አለባቸው ቢልም፣ በጦርነቱ ምክንያት ድምፁ ከጃፓን ሳይወጣ ቈየ። በ1947 ፓወል፣ ላቴስና ኦኪያሊኒ በከፍተኛ ተራሮች ላይ ባስቀመጡት የፎቶግራፍ ሰሌዳ እውነተኛውን አገኙት፤ ክብደቱ የኤሌክትሮን 270 እጥፍ ገደማ ነው። ፊተኛው ከዚህኛው መፍረስ የሚወለድ ኖሯል።

ዩካዋ በ1949 የኖቤልን ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ሆነ። ለእኛ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚከብደው፣ ዓለም በሌላ ቅንጣት ሲያመሰግነው የኖረባቸው እነዚያ ዐሥር ዓመታት ናቸው። በ1955 ከራስልና ከአይንሽታይን ጋር የኑክሌር ጦር መሣሪያን በሚቃወመው መግለጫ ላይ ፈረመ። በ1981 በኪዮቶ ዐረፈ።

ከ1970ዎቹ ወዲህ ፕሮቶንም ኒውትሮንም፣ የዩካዋ ሜሶን ራሱም፣ በግሉዎን ከሚተሳሰሩ ኳርኮች የተሠሩ መሆናቸው ታውቋል። ሁለት የእምብርት ቅንጣቶች ትንሽ ተራርቀው ሲሳሳቡ ለማስላት ግን የፊዚክስ ሰዎች ዛሬም የሚይዙት የእርሱን ሜሶን ነው።